የአንድ ከተማ ስም በብዙ አንደበት



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ስም ነው። ሁላችሁም የምታውቁት፣ ብዙዎቻችሁም ልጅ ወይም ዘመድ ያላችሁበት የዋና ከተማችን የአዲስ አበባ ስም ነው። ፊደል ከቆጠራችሁ ወዲህ ይህን ስም በራሳችሁ ዓይን ማንበብ ችላችኋል። ስድስት ፊደል ነው። አ፣ ዲ፣ ስ ሦስት፤ አ፣ በ፣ ባ ሦስት።

ነገር ግን ማንበብ ከተቻለ በኋላ ሌላ ችግር ይመጣል። በአንድ ወረቀት ላይ አዲስ አበባ የተባለው ከተማ በሌላው ወረቀት ላይ ፊንፊኔ ተብሎ ይገኛል። በሬዲዮ ደግሞ ሸገር ሲባል ይሰማል። በባዕድ ፊደል የተጻፈውን የውጭ አገር ሰው ሲያነበው ሌላ ድምፅ ያወጣል። ገና ማንበብ የጀመረ ሰው ይህን ሲያይ «እኔ አበላሽቼ አነበብኩ መሰለኝ» ብሎ ይጠራጠራል፤ አንዳንዱም ያፍርና መጽሐፉን ያጥፋል። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ተመካክረን ጉዳዩን ከሥሩ ብናስረዳ ይሻላል አልን። ስሙ የበዛው አንባቢው ስለ ሳተ አይደለም። ስም ከአፍ ወደ አፍ፣ ከፊደል ወደ ፊደል ሲሻገር ስለሚለወጥ ነው። ከዚህም በላይ ስሙን ማን ጻፈው፣ መቼስ ጻፈው የሚል ነገር አለበት።

በመጀመሪያ ትርጉሙን እንመልከት። ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አዲስ የሆነ አበባ ማለት ነው። «አዲስ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ሐዲስ» ጋር አንድ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምትሄዱ «ሐዲስ ኪዳን» ሲባል ትሰማላችሁ፤ አዲስ ውል ማለት እኮ ነው። የትግራይ ወገኖቻችን «ሓድሽ» ይላሉ። በዓረብኛና በዕብራይስጥም የዚሁ ቃል ዘመዶች አሉ። አበባ ደግሞ በግዕዝ «ጽጌ» ይባላል፤ ወርኃ ጽጌ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ትግርኛው «ዕምባባ» ሲል ኦሮምኛው «አባቦ» ወይም «ደራራ» ይላል።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። የትግርኛ ተናጋሪ አበባን ዕምባባ ቢልም ከተማውን «ሓድሽ ዕምባባ» አይለውም፤ አዲስ አበባ ነው የሚለው። ፈረንጁም በቋንቋው አዲስና አበባ የሚባሉ ቃላት እያሉት ስሙን አልተረጎመውም። ቀይ ባሕርን ግን ዓረቡም ፈረንጁም በየቋንቋው ተርጉሞ ቀይ ባሕር ይለዋል። የባሕርና የተራራ ስም አንዳንድ ጊዜ በትርጉም ይሄዳል። የከተማ ስም አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው በድምፅ ነው። ድምፅ ደግሞ በየምላሱ ይለወጣል፤ ወደዚህ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ቦታው እንሂድ። ከተማው ያለበት መሬት ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት ባዶ አልነበረም፤ ስምም ነበረው። በዚያ ሜዳ ላይ የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ከብት እያረቡና መሬት እያረሱ ይኖሩ ነበር። ትኩስ ውሃ ከመሬት ውስጥ የሚፈልቅበትን ስፍራ ፊንፊኔ ይሉታል። ቃሉ ውሃ ከመሬት ተስፈንጥሮ ሲወጣ ከማለት የመጣ ነው ተብሎ ይተረጎማል። አማርኛ ተናጋሪውም ደም ወይም ውሃ በኃይል ሲወጣ «ፊን አለ» ይል የለም? ያንኑ ስፍራ አማርኛው ፍልውሃ አለው። ሁለቱም ያዩት አንድ ነገር ነው።

የእነዚያ ጎሳዎች ስም እስከ ዛሬ በከተማው ውስጥ ይጠራል። ጉለሌ የሰፈር ስም ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ የጎሳ ስም ነው። የካም እንደዚሁ። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ በዚያ ያርሱ የነበሩት መሬታቸውን እየለቀቁ ሄዱ፤ ስማቸው ግን በቦታው ቀረ።

በዚያን ጊዜ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ሰፈራቸውም በእንጦጦ ጋራ ላይ ነበር። እንጦጦ ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመቻል፤ ግን ብርዱና ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ስለዚህ ንጉሡም እቴጌ ጣይቱም መኳንንቱም ወደ ፍልውሃው እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ሜዳውን ወደዱት። ንጉሡ ወደ ሐረር በዘመቱበት በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠሩና ስፍራውን አዲስ አበባ አሉት። በሜዳው ላይ ያዩት አበባ ደስ ቢያሰኛቸው ነው ስሙን ያወጡት ተብሎ ይተረካል። መኳንንቱም በየተሰጣቸው ቦታ ቤት ሠሩ፤ ሰው ከጋራው እየወረደ ሜዳውን ሞላው።

እዚህ ላይ ስለ «ከተማ» ቃል ጥቂት እንበል። ዛሬ ከተማ ሲባል መንገድ፣ ፎቅ፣ ገበያና መብራት ነው ወደ ሐሳባችን የሚመጣው። በዚያ ዘመን ግን ከተማ ማለት ንጉሡ ከጦሩ ጋር የሰፈረበት ቦታ ማለት ነበር። ከተመ ማለት ሰፈረ፣ ተቀመጠ ማለት ነው። ዙሪያው ማገዶ ሲያልቅበት፣ አገሩም ስንቅ ማቅረብ ሲያቅተው ከተማው ይነሣል፤ ስሙም አብሮ ይረሳል። አዲስ አበባም እንዲሁ ሊነሣ ምንም አልቀረው። በዙሪያው የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ አለቀ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ አፄ ምኒልክ ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ዓለም ወደሚባለው ቦታ ለመዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ያሠሩ ጀመር። አዲስ አበባ የሚለው ስም ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ሊሞት ነበር ማለት ነው።

ያተረፈው ዛፍ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግ ማገዶውንም ግድግዳውንም ቻለ፤ ከተማውም በቦታው ጸና። ይህን ዛፍ ሁላችሁም ተክላችሁታል፤ ባሕር ዛፍ የተባለው ከባሕር ማዶ ስለመጣ ነው። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከዚህ ሁሉ በፊትም በእነዚህ አገሮች ሌላ ከተማ ነበረ። ፍራ ማውሮ የሚባል የጣልያን መነኩሴ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450 ገደማ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ በረራ የሚባል ከተማ በኢትዮጵያ ምድር ተጽፎ ይታያል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ቦታው እንጦጦ አካባቢ ነው ይላሉ፤ ሌሎች በዚህ አይስማሙም። የዚያ ከተማ ሰው የለም፣ ቤቱም የለም፤ ስሙን ዛሬ የምናውቀው በወረቀት ላይ ስለተጻፈ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። አንዱ ስፍራ ለምን ሁለት ስም ይዞ ኖረ? አዲስ አበባ የሚለው ስም ቤተ መንግሥት፣ ማኅተምና ፖስታ ነበረው። በ1909 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሲደርስ ደግሞ የባቡር ጣቢያ አገኘ። በየደብዳቤው፣ በየአዋጁ፣ በየትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ተጻፈ። ፊንፊኔ የሚለው ስም ግን በአብዛኛው በሰው አፍ ነው የኖረ። ገበያ የሚሄደው፣ እህልና ከብት ይዞ የሚመጣው የኦሮሞ ገበሬ ሁልጊዜ «ፊንፊኔ እሄዳለሁ» ይል ነበር፤ ነገር ግን በንጉሡ ዘመን በኦሮምኛ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤትም፣ የሚጽፍ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም አልነበረም። ስም ያለ ጸሐፊ አይሞትም፤ መዝገብ ላይ ግን አይገኝም። መዝገብ ላይ ያልተገኘውን ነገር ደግሞ ያልነበረ አድርጎ የሚቆጥር ሰው ብዙ ነው።

ኋላ ነገሩ ተለወጠ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እያደር በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ከእነዚያ አንዱ ኦሮምኛ ነበር፤ የሚጻፈውም በዚሁ እናንተ በተማራችሁት ፊደል ነበር። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ፊንፊኔ በመጽሐፍም በደብዳቤም በሰሌዳም ይጻፋል። የኦሮሚያ ክልል መሥሪያ ቤቶችም በጽሑፋቸው በዚህ ስም ይጠቀማሉ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የፌዴራሉን መንግሥት ዋና ከተማ አዲስ አበባ ይለዋል።

በሌሎች ከተሞችም የስም መለዋወጥ ታይቷል። ቢሾፍቱ ለብዙ ዓመታት ደብረ ዘይት፣ አዳማም ናዝሬት ተብለው ከኖሩ በኋላ ወደ ቀደመ ስማቸው ተመልሰዋል። ሆኖም ሽማግሌው ዛሬም «ናዝሬት ደርሼ መጣሁ» ይላል፤ ማንም አይሳሳትበትም።

ስለ ዋና ከተማችን ስም ሰዎች ሲጣሉ እንሰማለን። አንደኛው ሌላውን ስም ሊሰርዝ ይፈልጋል፤ ይህን የሚፈልግ ሰው ከአንድ ወገን ብቻ የሚገኝ አይደለም። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ስሞች የየራሳቸው ምስክር አላቸው። አንደኛው ከውሃው ጋር ነበረ፤ ሁለተኛው ከቤቱ ጋር መጣ። አንድ ልጅ አባቱ ያወጣለት ስምና አያቱ የምትጠራው ስም ሁለት ሆኖ ያድግ የለም እንዴ? ለአንባቢ ሰው ሁለቱንም ማወቅ ይበጀዋል፤ አለዚያ ግማሹን ወረቀት ሳይረዳው ይቀራል።

ሸገር የሚለውን በተመለከተ ይህ ስም በዘፈንና በጨዋታ የተወደደ የከተማው መጠሪያ ነው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ከተማ የሚባል ሌላ አስተዳደር በኦሮሚያ ክልል ተቋቁሟል። ስለዚህ ልጃችሁ አድራሻውን «ሸገር ከተማ» ብሎ ከጻፈላችሁ በጨዋታ መሆኑን ወይም በእርግጥ በዚያ መኖሩን ጠይቁት። አለዚያ ያልሆነ ቦታ ወርዳችሁ ትንከራተታላችሁ።

አሁን ደግሞ ስሙ ባሕር ሲሻገር ምን እንደሚሆን እንይ። ይህ ለፊደል ተማሪ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፤ እስቲ ጥቁር ሰሌዳውን ተመልከቱ።

የእኛ ፊደል ሰባት ቤት አለው፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኀምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ ብላችሁ ቆጥራችኋል። የላቲን ፊደል ግን ድምፅ ሰጪ ፊደሎቹ አምስት ብቻ ናቸው። ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ቦ የሚሉት በነዚህ ይጻፋሉ። ግዕዙ «በ» እና ሳድሱ «ብ» ግን የራሳቸው ፊደል አጡ። ታዲያ ፈረንጁ የከተማችንን ስም ሊጽፍ ሲነሣ «አ» ን ጻፈ፣ «ባ» ን ጻፈ፤ መካከል ላይ ያለችው «በ» ላይ ሲደርስ ተቸገረ። እንግሊዙ ለ«ባ» ቀረበልኝ ብሎ አዲስ አባባ የሚነበብ አድርጎ ጻፋት። ፈረንሳዩና ጣልያኑ ደግሞ ለ«ቤ» ቀረበችልን ብለው አዲስ አቤባ የሚነበብ አድርገው ጻፏት። ፖርቱጋሉም እንደነሱ አቤባ አለ። እንዲህ ነው ነገሩ። ያቺ አንዲት «በ» ናት ዓለምን ለሁለት የከፈለች!

በዓረብኛም ያው ነው። ቁርአን የቀራችሁ እንደምታውቁት ዓረብኛ ፈትሐ፣ ከስራና ደማ የሚባሉ ሦስት አናባቢዎች ነው ያሉት። ስለዚህ «በ» በአሊፍ ተዘርግታ «ባ» ትሆናለች፤ አዲስ አባባ ተብሎ ይጻፋል። ለእኛ ጆሮ አዲስ አባባ ሲባል አዲስ አባት ቤት የመጣ ያስመስለዋል! ነገር ግን ዓረቡም እንግሊዙም እየቀለዱ አይደለም፤ በፊደላቸው ልክ ነው የጻፉት።

ሌላም አለ። «አዲስ» ስትሉ «ዲ» የምትለዋ ጠብቃ ነው የምትነገረው። ፊደላችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ብላችሁ ብትጽፉ በዓሉም ይሆናል፣ «ገና አልመጣም» የምንለውም ይሆናል፤ አንባቢው ከአነጋገሩ ነው የሚለየው። እንግሊዙና ፈረንሳዩ ይህን ለማሳየት «ድ»ን የምትወክለዋን ፊደል ሁለት ጊዜ ደገሟት። ፖርቱጋሉ ግን አንድ ትበቃለች አለ። ፊንፊኔ የሚለውም በእኛ ፊደል አራት ሆሄ ሲሆን በቁቤ ዘጠኝ ፊደል ይሆናል፤ ቁቤ የሚጠብቀውን ተነባቢና የሚረዝመውን አናባቢ እየደገመ ስለሚጽፍ ነው። እንግዲህ የእኛ ፊደል ያላት አለ፣ የጎደላትም አለ። የነሱም እንደዚሁ።

ከሁሉም የሚገርመው የቻይናው ነው። ቻይናዎች የሚጽፉት ድምፁን በሚበታትን ፊደል አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ቃል ወይም ክፍለ ቃል አንድ ምልክት አላቸው። የከተማችንን ስም በስድስት ምልክት ይጽፉታል፤ ሲነበብም «ያዲስያቤይባ» የሚል ድምፅ ይሰጣል። ስድስት ምልክት፤ እኛም የጻፍነው በስድስት ፊደል መሆኑን አትርሱ። እንግሊዙ በላቲን ፊደል ሲጽፈው ግን አሥር ፊደል ይፈጅበታል።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት ያለውም በዚያው ነው። በአንዱ ግቢ ውስጥ አንዱ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ሲወጣ ከተማው አባባ ነው፤ ያው ደብዳቤ በፈረንሳይኛ ሲወጣ አቤባ ነው። ማንም ተሳሳታችሁ አይላቸውም።

እኛስ የሌላውን ስም እንዴት ነው የምንጠራው? ሩሲያዎች «ሞስክቫ» የሚሉትን እኛ ሞስኮ እንላለን። ግብጾች «አል ቃሂራ» ወይም «መስር» የሚሉትን ዋና ከተማ ካይሮ እንላለን፤ ያንን ስም የወሰድነው ከፈረንጅ አፍ ነው። ሁሉም ሰው የሌላውን ስም በራሱ ምላስ ነው የሚያዞረው።

በአዲስ አበባ ውስጥ ያሉት የሰፈር ስሞች ራሳቸው የብዙ ምላስ ስብስብ ናቸው። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረረበት ጊዜ ያመጣቸው ቃላት እስከ ዛሬ አሉ። ፒያሳ በጣልያንኛ አደባባይ ማለት ነው፤ መርካቶ ገበያ ማለት ነው። ካዛንቺስ ደግሞ «ካዛ» ቤት ሲሆን፣ «ኢንቺስ» ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረ የጣልያን መሥሪያ ቤት ስም ምሕፃር ነው። ወራሪው ተባረረ፤ ቃሉን ሕዝቡ የራሱ አደረገው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከፒያሳ፣ ቀጥሎም ከካዛንቺስ ብዙው ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል። ተሳፋሪው ግን አሁንም «ካዛንቺስ ወራጅ» ይላል።

አሁን ወደ እናንተው መንደር እንምጣ። እስካሁን የተናገርነው ስለ ትልቅ ከተማ ነው፤ ነገሩ ግን እናንተንም ይነካል። የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የቀበሌው፣ የጎጡና የማሳው ስም ይጻፋል። ጸሐፊው ከሌላ አካባቢ የመጣ ሲሆን የሰማውን ስም በራሱ ጆሮ ልክ ነው የሚጽፈው። የኦሮምኛውን ስም አማርኛ ያስመስለዋል፤ የአገውኛውንም እንዲሁ። ጠብቆ የሚነገረውን አላልቶ ያነበዋል። ዛሬ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገ ግን ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ሲካሰሱ ዳኛው የሚያየው ወረቀቱን ነው። «ዓለሙ» ተብሎም «አለሙ» ተብሎም ቢጻፍ ድምፁ አንድ ነው፤ በዚህ አትጨነቁ። «በ» በ«ባ»፣ «ተ» በ«ታ» ከተለወጠ ግን ሌላ ቃል ነው፤ ይታረምልኝ በሉ። ስማችሁንና የቦታውን ስም ከመፈረማችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ ለጸሐፊው አንብቡለት።

ለነገ ማታ እያንዳንዳችሁ የመንደራችሁን፣ የወንዛችሁንና የእርሻችሁን ስም በደብተራችሁ ጽፋችሁ ኑ። አንዱን ወንዝ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ያሉ ሰዎች በተለያየ ስም የሚጠሩት እንደሆነ ሁለቱንም ጻፉ። ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቁ አረጋውያን በቤታችሁ ካሉ ዛሬ ማታውኑ ጠይቋቸው።